ስልሳ ሦስት ማረሻና አንድ አምባር

ጁላይ 4፣ ረቡዕ። በእንግሊዞች አቆጣጠር 1877።

ይህ ደብተር የእኔ የኮንዲባ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። በዚህ በሕንድ አገር፣ በሺርዋዲ ከተማ ከእኔ የቀጠነ ስፌት የሚያወጣ የለም። ይህን የምለው እኔ ሳልሆን ሌሎቹ ሰፊዎች ናቸው፤ ባይሉም ያውቁታል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ማንበብና መጻፍ የሚችል ልብስ ሰፊ ነኝ። የማታ ትምህርት ቤት ሠላሳ ሆነን ገብተን አምስት ሆነን ወጣን። ከአምስቱ አንደኛው ማን እንደሆነ መምህር ባፓት አልተናገሩም፤ እንዳልኩራራ ብለው ነው።

መምህሩ ጠበቃ ናቸው። ቀን ፍርድ ቤት፣ ማታ እኛ ጋ፤ በተረፋቸው ሰዓት ደግሞ የሕዝብ ማኅበሩ ጸሐፊ ናቸው። ማኅበሩ መንግሥትን በጨዋ ቋንቋ የሚነዘንዝ ማኅበር ነው። ጠመንጃ የለውም፤ ወረቀት ነው ያለው። ዝናብ ለሁለተኛ ዓመት ስለቀረ ከአርባ መንደር የግብር ምሕረት አቤቱታ ሰብስቦ ወደ ላይ ልኳል። ከአርባው አንዱን፣ የፒምፓልዋዲን፣ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስልሳ አራት ባለ መሬት፣ በአንድ ቀን። ሌላው በሦስት ቀን ሠላሳ አላመጣም።

ሚስቴ ሳኩ ደብተሩን ገልብጣ አየችው።

"ምን ሊጽፉበት ነው?"

"ሕይወቴን።"

"ታዲያ ይህን ያህል ወፍራም ለምን ገዙ?"

ጁላይ 6፣ ዓርብ።

ከወረዳው ሹም ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ኮት እየሰፋሁላቸው ነው። ሳሂብ፣ ማለት ጌታ፣ የምንላቸው እንግሊዙ አለቃ ለጉብኝት ስለሚመጡ ነው ኮቱ። ኮሌታው ገና ከአሁኑ ወታደር መስሎ ቆሟል።

ስለ ፒምፓልዋዲ ወረቀት አንድ ነገር ይመዝገብልኝ። በአገራችን መጻፍ የማይችል ሰው ሲፈርም የሙያውን ዕቃ ይስላል። ገበሬ ማረሻ፣ አናጢ መጥረቢያ፣ ልብስ ሰፊ መቀስ፣ ሴት ከሆነች አምባር። እኔም እስከ አምና ድረስ መቀስ ነበርኩ። ፒምፓልዋዲ ውስጥ ስልሳ ሦስት ማረሻና አንድ አምባር ነው የተሳለልኝ። አምባሩ የራክማ ነው። መበለት ናት፤ ባሏ የሞተ ቀን እንደ ልማዳችን አምባሮቿን ከእጇ ላይ ሰብረውባታል። "ከእጄ ሰበሩት፤ ከወረቀት ላይ እስቲ ማን እንደሚሰብረው አያለሁ" እያለች ሣለችው።

ስመለስ ከዛፍ ጥላ ሥር ዘርግቼ አየሁት። አንዱ ማረሻ የዶሮ እግር ይመስላል፤ አንዱ እግሩ የተሰበረ ወንበር። የጭቃ ሹሙ የሲዶጂ ደግሞ የሰከረ ጊንጥ። ይህን ነው እንግዲህ ለሳሂብ የምናቀርበው? አፈርኩ። ቤቴ ገብቼ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። በየማረሻው ፈንታም የሰውየውን ስም ከነአባቱ በጥሩ ጽሕፈት አስቀመጥኩና ሥሩ "በገዛ እጄ ፈረምኩ" አልኩበት። ስልሳ አራት ሰው በአንድ ቀን ፊደል ያስቆጠረ ካለ ይምጣ።

መምህር ባፓት የአርባውን መንደር በአንድ ቀን ጠርዘው ስለላኩ አላስተዋሉትም። ምስጋናው ይደርሳል።

አሮጌውን ወረቀት አልጣልኩትም። ወፍራም ነው፤ ግማሹ ለሹሙ ኮሌታ ማጠንከሪያ ሆነ፣ ግማሹ ምድጃ ገባ።

ጁላይ 10፣ ማክሰኞ።

ጽሕፈቴ ቢንቀጠቀጥ ብርዱ ነው። በጁላይም ብርድ አለ፤ ሰው ልብ ስለማይል ነው።

ሹሙ ኮቱን ለብሰው በመስታወት ፊት ቆመዋል። እኔ ከኋላቸው ተንበርክኬ የጫፉን እጥፋት በመርፌ እይዛለሁ። ልብስ ሰፊ ባለበት ሰው ሁሉንም ያወራል፤ ወንበር ፊት እንደማውራት ነው። ጸሐፊያቸው ደብዳቤ ይዞ ገባ።

"የሳሂቡ ነው ጌታዬ። የፒምፓልዋዲን አቤቱታ ይመለከታል።"

"ደግሞ ምን አሉ?"

"ስልሳ አራቱም ፊርማ የአንድ ሰው እጅ ነው ይላሉ። ገበሬዎቹ ይህን ጽሕፈት ከየት አመጡት ይላሉ። ኦገስት 29 ሲመጡ አንድ በአንድ ፊታቸው ሊያጽፏቸው ነው።"

ሹሙ ሳቁ። "ሲዶጂን? ሲዶጂ ብዕር ቢሰጡት ጥርሱን ይጎረጉርበታል።"

"ካልጻፉ ሐሰተኛ ሰነድ ነው። የሚጠየቀው ያቀረበው የማኅበሩ ጸሐፊ ነው። ሰባት ዓመት እስራት፣ ያውም በባሕር ማዶ ደሴት።"

"ባፓት ማለት ነው።" ሹሙ የኩራዝ ክር እንደሚያጠፋ ሰው ሁለት ጣታቸውን ቆንጠጥ አደረጉ። "ማኅበሩም አብሮ ጭስ ሆነ በለኛ።"

"አርባውም መንደር አብሮ ይወድቃል ጌታዬ።"

እዚህ ላይ ሹሙ ዘለሉ።

"አንተ፣ ምን ነካህ? ወጋኸኝ እኮ።"

"ኮቱ ጠቦ ነው ጌታዬ። ይፍቀዱልኝና ኮሌታውን ፈትቼ እንደገና ልሥራው።"

አንገታቸውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዞሩት። "ኮሌታውን እንዳትነካ። እንዲህ የሚቆም ኮሌታ በዕድሜዬ አላጠለቅሁም።"

መጥፎ ሰፊ ብሆን ኖሮ ይፈታልኝ ነበር። የሰዎቹ እውነተኛ ምልክት የሹሙን አንገት ከቦ ተቀምጧል።

ጁላይ 11።

ምግብ አልበላ አለኝ። ሆዴ ነው። ሳኩ የማሽላው ቂጣ ላይ በርበሬ አብዝታ ነው።

ጁላይ 13፣ ዓርብ።

ፖሊስ መጣ። ከደጃፌ ቆሞ "ኮንዲባ የምትባለው አንተ ነህ?" አለኝ። አይደለሁም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ቁልፍ ተበጥሶበት ነው። ሦስት ተከልኩለት። የተበጠሰው ግን አንድ ነበር።

ጁላይ 15፣ እሑድ።

ለመምህር ባፓት ልነግራቸው ሄድኩ። መንገድ ላይ ንግግሬን አዘጋጅቼአለሁ፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው። ልጆቻቸው ግቢው ውስጥ ይጫወታሉ። እሳቸው ወረቀት ላይ አቀርቅረዋል፤ ከስተዋል።

"ና ኮንዲባ። ምን እግር ጣለህ?"

"መምህር፣ ስለ ፒምፓልዋዲ..."

"ሰምተሃል ማለት ነው።"

"ሰፊ የማይሰማው የለም" አልኩና ሹሙ በመርፌ ሲወጉ እንዴት እንደዘለሉ አስመስዬ አሳየኋቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሦስቱ ዐረፍተ ነገሮች ከሳቁ ጋር ሄዱ።

ስነሳ እንዲህ አሉኝ፤ "የሰው ጽሕፈት እንደ አካሄዱ ነው ኮንዲባ። ያስተማርኩትን ሰው ከሩቅ አውቀዋለሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ የእኔ ቆንጆ ነው ይላሉ" አልኩ።

አተኩረው አዩኝ። ጽሕፈቴን ማድነቃቸው ነው።

ጁላይ 17።

ሳኩ "በእንቅልፍዎ ስም ይጠራሉ" አለችኝ። "መጀመሪያ ሴት መስሎኝ ጆሮዬን አቆምኩ። ወንዶች ናቸው፤ ተራ በተራ፣ ከነአባታቸው።"

"የደንበኞቼ ስም ነው።"

"የጭቃ ሹሙ የሲዶጂ ልብስ መቼ ሰፍተው ያውቃሉ?"

ይህች ሴት ፊደል ብትቆጥር ኖሮ አገር አይበቃትም ነበር። አምላክ ጠበቀኝ።

ጁላይ 19፣ ሐሙስ።

አገኘሁት። እንዴት ቀድሜ አላሰብኩትም። መጻፍ አይችሉም፤ ችግሩ ይኸው ብቻ ነው። ስለዚህ ይችሉ። አርባ ቀን አለኝ። ስልሳ አራቱንም ስማቸውን መጻፍ አስተምራቸዋለሁ፤ ያውም በእኔ እጅ አጣጣል። ያን ጊዜ ፊርማው ውሸት መሆኑ ይቀራል። እኔ ቀድሜ ጻፍኩት፣ እነሱ ዘግይተው ደረሱበት፤ ጥፋቱ የቀን መቀዳደም ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የማደርገው ለመምህሩ ስል ነው።

ጁላይ 21፣ ቅዳሜ።

ፒምፓልዋዲ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ከብቶቹ አጥንታቸው ከቆዳቸው ቀድሞ ይታያል። ሰዎቹ ከመንደሩ ቤተ መቅደስ ፊት ጥላ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከተቀመጡ ወራት ሆኗቸዋል።

"መጻፍ ላስተምራችሁ መጣሁ" አልኩ።

ሲዶጂ ጥምጣሙን አስተካከለ። ትልቅ ሰው ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም። "ሰፊው፣ እህል ይዘህ መጣህ ብለን ነበር።"

"ከእህል የሚበልጥ ነው ጭቃ ሹም። ሳሂቡ ኦገስት 29 ይመጣሉ። ስሙን በእጁ የጻፈ ብቻ ግብር ይማርለታል ተብሏል።"

ተብሏል አልኩ። ማን እንዳለ አልተናገርኩም። አፌ ብቻውን ነው የተናገረው፤ እኔ ስሰማው ጊዜ አልፏል።

አጉረመረሙ። አንዱ "እኛማ ፈረምን እኮ፣ ማረሻ ሣልን" አለ።

"ማረሻ ዘንድሮ አይሠራም" አልኩ።

"እሱማ እውነት ነው፤ ማረሻ ዘንድሮ አይሠራም" አለች ራክማ ወደ ማሳው እያየች። ሳቁላት። እኔም ከቀልዱ ጀርባ ተሸሸግሁ።

ጁላይ 25፣ ረቡዕ።

ወረቀት የለም፤ ሰሌዳ የለም። ማሳው ግን አለ። አፈሩ ደቆ እንደ ዱቄት ሆኗል፤ በበትር ሲጽፉበት ከመምህር ባፓት ሰሌዳ ይበልጣል። ስልሳ ሰው በየማሳው አቀርቅሮ የራሱን ስም ይቆፍራል። ከሩቅ ላየው ዘር የሚዘራ ይመስላል።

የመጀመሪያው ቀን ሲዶጂ ስሙን እንደ አጥር ደረደረው። "ይህ የእኔ ስም ነው?" አለኝ። "አዎ።" "ትንሽ ነው" አለ።

ኦገስት 2፣ ሐሙስ።

ሱቄን ጠዋት ከፍቼ ቀትር ላይ እዘጋለሁ። እግሬ አብጧል። ሃያ ሁለት ሰው ጨረሰ። ራክማ የመጀመሪያዋ ናት፤ አሁን የጎረቤቶቿን ታርማለች። "አንተ፣ ይህ ፊደል ወገቡ ተሰብሯል፤ አቅናው" ትላለች።

አራት ሰዎች ድንጋይ ወደሚፈለጥበት የመንግሥት ሥራ ከነቤተሰባቸው ሄዱ። የእነሱን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ሳሂቡ አራት ሰው ጎደለ ብለው አይቆጥሩም።

ይቆጥሩ ይሆን?

ኦገስት 7፣ ማክሰኞ።

በምሥራቅ በኩል ደመና ቆመ። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ያያል። ሴቶች እጃቸውን ዘርግተዋል። እኔም ዘረጋሁ። የለመንኩትን ግን እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም። ማሳው ጭቃ ከሆነ ምን ላይ ይጽፋሉ ብዬ፣ እባክህ ከ29 በኋላ አድርገው አልኩ።

ደመናው ሄደ። እኔ ባልልም ይሄድ ነበር። ደመና የሰፊ ቃል አይሰማም።

ኦገስት 8።

ደመና የሰፊ ቃል አይሰማም።

ኦገስት 14፣ ማክሰኞ።

ሽማግሌው ቪቶጂ ሞተ። ርሃብ ነው አላሉም፤ "ደከመው" ነው ያሉት። ስሙን እስከ ግማሽ ደርሶ ነበር። ሄጄ ሳይ ማሳው ላይ ግማሹ አለ፤ ነፋስ አልነካውም። በአቤቱታው ላይ ግን ሙሉውን ፈርሟል። በገዛ እጁ ይላል።

ሲዶጂ ከማሳው ዳር ቆሞ ጠየቀኝ።

"ሰፊው፣ ያ ግብር የሚማረው በስም ነው ያልከው፣ ማን ነው ያለው?"

"ከላይ ነው የመጣው።"

"ከሹሙ በላይ?"

"በጣም በላይ።"

ወደ ሰማይ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ በትሩን አንሥቶ ስሙን ይጽፍ ጀመር። ገብቶታል። ገብቶት ከሆነ ለምን ይጽፋል?

ኦገስት 20፣ ሰኞ።

ገበያ ላይ አንዱ ሲያወራ ሰማሁ፤ ደሴቱ ላይ እስረኛ ሲያርፍ እንኳ እግር ብረቱ አይፈታም ይላል። ሌላው ልብስ ሰፊ እዚያ በጣም ይፈለጋል አለ፤ የእስረኛ ልብስ ስለሚሰፋ። ወሬያቸውን ሰምቼ ሳልጨርስ ሄድኩ። የሚያውቁ መሰለኝ። ሰው ሁሉ የሚያውቅ ይመስለኛል። ውሻ ሲጮኽብኝ እንኳ ስሜን የጠራ ይመስለኛል።

ኦገስት 28፣ ማክሰኞ።

ሃምሳ ሰባት ሰው ይጽፋል። አራቱ የሉም። ሁለቱ ሞተዋል። አንዱ እጁ አልታዘዝ ብሎታል፤ ታምሟል ይባላል ብለናል።

ሳኩ ጥምጣሜን አጥባ ሰጠችኝ። "ነገ የት ይሄዳሉ?"

"እንደ ማንኛውም ሰው ሳሂቡን ላይ።"

"ከተያዙ ለሰው ምን ልበል?"

አልጠየቀችኝም ነበር እስከ ዛሬ። ስንት ቀን እንዳወቀች አላውቅም። "እኔን ምን ያስይዘኛል" አልኩ። ጥምጣሜን ከእጄ መልሳ ወስዳ እንደገና አጠፈችው።

ኦገስት 29፣ ረቡዕ።

ባጭሩ። 

የወረዳው ጽሕፈት ቤት ግቢ ሞልቷል። ሳሂቡ ወጣት ናቸው፣ ፊታቸው በፀሐይ ቀልቷል። በአስተርጓሚ ነው የሚናገሩት፤ ድምፃቸው አይጮኽም። መምህር ባፓት ጎን ላይ ቆመዋል፤ ወንበር አልተሰጣቸውም። ሹሙ ኮቱን ለብሰዋል። እኔ ከበሩ ምሰሶ ኋላ ነኝ።

ሲዶጂ ተጠራ። ብዕር ያዘ። ብዕሩን እንደ በትር ነው የያዘው፤ በስመ አብ ሊሰብረው ነው ብዬ... (መምህሩ ይህን ቢያዩ በየትኛው አምላክ ነው የምትምለው ይሉኝ ነበር፤ የሚሲዮኑ ሰባኪ ሲል ሰምቼ ነው።) ጻፈ። ሳሂቡ ከአቤቱታው ጋር አስተያዩት። ራክማ ጻፈች። ሌላው ጻፈ። ሌላው። ላብ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ሹሙ ፈገግታቸው እየጠፋ ሄደ። ለጎደሉት ሰባት መንደርተኛው ሞቷል፣ ታሟል፣ ለሥራ ሄዷል እያለ መለሰ።

ሳሂቡ ሲዶጂን መልሰው ጠሩት።

"ሁላችሁም አንድ ዓይነት ጽሕፈት የምትጽፉት ለምንድን ነው?"

"አስተማሪያችን አንድ ስለሆነ ጌታዬ።"

"ማን ነው?"

ምሰሶውን ያዝኩ።

"ማኅበሩ" አለ ሲዶጂ።

"ይህን ሁሉ ለመማር ጊዜ ከየት አገኛችሁ?"

"ዝናብ ስለሌለ ሥራ የለንም ጌታዬ። ተቀምጠን ነው የምንውል።"

ሳሂቡ ይህን በደንብ ጻፉት። ከዚያ ወረቀቱን አጠፉና ለመምህር ባፓት እጃቸውን ዘረጉ። ሐሰተኛ ሰነድ አይደለም ተባለ።

አልቅሻለሁ። አቧራ ነው።

ኦገስት 30፣ ሐሙስ።

ከተማው መምህሩን የአበባ ጉንጉን አለበሳቸው። ማኅበሩ ተረፈ። አርባው አቤቱታ ተረፈ። ሰዎቹ ይህን ተአምር የሠራው ማን ነው እያሉ ሲያወሩ በመካከላቸው ቆሜ ነበር። አልተናገርኩም። እዚህ ደብተር ላይ ግን ልናገር፤ የእንግሊዝን መንግሥት በአርባ ቀን፣ በበትርና በአቧራ ያታለለ ልብስ ሰፊ እኔ ነኝ። ሦስት ቂጣ በላሁ። ሳኩ አራተኛውን ጨመረችልኝ።

መምህሩ ብቻ አበባው አንገታቸው ላይ ሳለ ደስ ያላቸው አይመስሉም። ድካም ነው።

ሴፕቴምበር 6፣ ሐሙስ።

ዝናብ መጣ። ሙሉ ቀን። ሰዎች በመንገድ ላይ ቆመው በዝናቡ ይመታሉ። ፒምፓልዋዲ የሚዘራ ዘር አለው ወይ ብዬ አንዱን ጠየቅሁ። "በልተውት የለም እንዴ" አለኝ።

ሴፕቴምበር 8፣ ቅዳሜ።

የሳሂቡ ውሳኔ መጣ። ሠላሳ ዘጠኙ መንደር የግብሩ ግማሽ ተማረለት። ፒምፓልዋዲ አልተማረም። በማኅበሩ ቢሮ ቃሉን መምህር ባፓት አነበቡልን። ገበሬዎቿ ሁሉ ጽሕፈት የሚያውቁ፣ ለትምህርትም ሰፊ ጊዜ ያላቸው መንደር የተቸገረ መንደር ሊባል አይችልም ይላል። ሙሉውን ግብር በወሩ መጨረሻ ይክፈሉ፤ ካልከፈሉ መሬቱ በሐራጅ ይሸጣል።

ዝናቡ ጣራው ላይ ይጮኻል።  

ሴፕቴምበር 9፣ እሑድ።

ሲዶጂ ሱቄ መጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ውሃ ሰጠሁት፤ ተቀምጦ ጠጣ። እንዲጮኽብኝ ጠበቅሁ። ባይጮኽ እንኳ እንዲሰድበኝ።

"ማስታወቂያውን ዛፉ ላይ ለጠፉት" አለኝ። "ድሮ ቢሆን ጸሐፊ እስኪመጣ እንጠብቅ ነበር። አሁን ሁላችንም ሄደን አየነው። ሌላው አይገባንም። የየራሳችንን ስም ግን አገኘነው።"

"ጭቃ ሹም..."

"ራክማ የቪቶጂንም አገኘችው። ሙሉውን።"

"እኔ ክፉ አስቤ አይደለም።"

"ክፉ አስበሃል አላልኩም። ማረሻችን አሳፍሮህ ነው። የመጀመሪያው ቀን አይቼህ ነበር፤ ወረቀቱን ስትጠቀልል ፊትህን አይቼ ነበር።" ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጠ። "ያኔ መጻፍ ስታስተምረን ባፓትን ልታተርፍ እንደሆነ ገባኝ። ለሰው ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ እኔም ፊት ለፊት ዋሸሁ። አሁን እኔ አርባ ዓመት ያረስኩትን ማን ይግዛው?"

ሄደ። ውሃውን አልጨረሰውም።

ለባፓት ብዬ ነው ያደረግሁት። ለባፓት ብዬ።

ለእኔ ብዬ ነው።

ሴፕቴምበር 11፣ ማክሰኞ።

ለመምህሩ ነገርኳቸው። ሦስቱን ዐረፍተ ነገር። አንዱም አላሳቀም።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ከጁላይ ጀምሮ አውቃለሁ። ፊርማውን ባሳዩኝ ቀን ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ መምህር?"

"ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። አንተን ብሰጥ ማኅበሩ ይሞታል ብዬ ነው።" መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። "አበባውን ያለበሱኝ ቀን አንገቴን በላኝ።"

"ሄጄ ልናገር? አቤቱታው ሲፈረም ፊደል አያውቁም ነበር፣ እኔ ነኝ የፈረምኩላቸው፣ ያስተማርኳቸውም ከጁላይ ወዲህ ነው ብል፣ ፒምፓልዋዲን እንደገና ያዩታል?"

"ሊያዩት ይችላሉ። ላያዩትም ይችላሉ። አንተን ግን ያለ ጥርጥር ያያሉ። ከአንተ ቀጥሎ እኔን።"

"ማኅበሩስ?"

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። 

"ሂድ አልልህም" አሉኝ። "አትሂድ ብልህ ግን ከእንግዲህ የማንን አቤቱታ ነው የምጽፈው?"

ሴፕቴምበር 12፣ ረቡዕ። ከጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ላይ።

ጠዋት ለሳኩ ነገርኳት። አላለቀሰችም። "ቂጣውን ይዘው ይሂዱ፤ እዚያ ማንም አይሰጥዎትም" አለች። ከዚያ ከበሩ ላይ ስሜን ጠራችው። ሚስት የባሏን ስም አትጠራም እኛ ዘንድ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖረን ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። ዘወር ስል ገብታለች።

ቃሌን በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ፤ አንድ ገጽ ነው። ሁለት ጊዜ ቀደድኩት፤ ሁለቱም ላይ ስለ ጽሕፈቴ ውበት አንድ መስመር ገብቶ ነበር።

ለሹሙ ጸሐፊ የመጣሁበትን ነገርኩት። አፉን ከፍቶ አየኝ።

"አንተ ሰፊ፣ አብደሃል?"

"ፈርቻለሁ እንጂ አላበድኩም።"

"ሳሂቡ አደን ወጥተዋል። ዛሬ አይመለሱም። ሂድና ነገ ና።"

እግሬ ያን ሲሰማ እንዴት ደስ እንዳለው። ደረጃውን ሁለት ወርጄ ነበር። ሦስተኛው ላይ ቆምኩ።

ዛሬ ቤቴ ከገባሁ ነገ እዚህ የሚመጣው ሌላ ኮንዲባ ነው። አውቀዋለሁ እሱን። ቂጣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ጠዋት ሲነሣ አንድ የሚያስቅ ምክንያት ይዞ ይነሣል።

ተመልሼ ወጣሁ። ጸሐፊው "ነገ አልኩህ እኮ" አለኝ። "እዚሁ እጠብቃለሁ ጌታዬ" አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ በሩን ዘጋ። እኔ ከበረንዳው ጥግ፣ ከምሰሶው ኋላ ሳይሆን ከፊቱ ተቀምጫለሁ።